በረዶ ውስጥ ለሰነበቱ ልጆች ጋቢ

እትዬ ጸሐይነሽ ለሰው ልጅ በሽታ ሁሉ ያላቸው ስም አንድ ነው፦ ብርድ። ራስ ምታት ብርድ ነው። ቁርጠት ብርድ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች ተኳርፈው ሰላምታ ቢነፋፈጉ እንኳ፣ "ብርድ ገብቶባቸው ነው እንጂ ደህና ሰዎች ነበሩ" ይላሉ። አንድ ጠዋት የሩዝ መፈልፈያው ሞተር አልነሳም ብሎ ሰው ሁሉ ሲተራመስ፣ ነጠላቸውን አውልቀው ሞተሩ ላይ ጣል አደረጉና አጠገቡ ቁጭ አሉ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሞተሩ ተነሳ። የተነሳው ነዳጅ ስለተሞላለት ነው፤ ይህን ለእትዬ ጸሐይነሽ ደፍሮ የሚነግር ሰው ግን ወረታ ውስጥ አልተገኘም።

ሥራቸው እዚያው መፈልፈያው ግቢ ነው። ከፎገራ ሜዳ በጋሪ የሚመጣው ሩዝ ገለባውን ጥሎ ሲወጣ በሰፌድ ያንገዋልላሉ፣ ጠጠሩን ይለቅማሉ፣ በገበያ ቀን ይሸጣሉ። ስድሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። እጃቸው ፈጣን ነው፤ ምላሳቸው ከእጃቸውም ይፈጥናል። ገዢ "ይሄ ሩዝ ጠጠር አለው" ብሎ ቢሞክራቸው፣ "ጥርስህን ብርድ መቶት እንዳይሆን እየው እስቲ" ብለው ይመልሱታል።

ሩዝ ወደ ሜዳው ሲገባ እሳቸው ገና ኮረዳ ነበሩ። አባታቸው "ውሃ ውስጥ ቆሞ ያደገ እህል ሆድ ያበርዳል" ብለው አንድ ዓመት ሙሉ በአፋቸው አላዞሩትም። ልጅቱ ግን ቀመሰች፣ ወደደችው፣ ኋላም እንጀራዋ አደረገችው። ብቻ እስከ ዛሬ ድረስ ዝንጅብል ሳይጨምሩበት ሩዝ አይቀቅሉም። አባት የተናገረው ነገር እንዲህ በቀላሉ አይጣልም፤ ማን ያውቃል። ስለዚህ እትዬ ጸሐይነሽ አዲስ ነገር ይፈራሉ ብሎ የሚያማቸው ቢኖር ውሸቱን ነው። አዲሱ ነገር ይምጣ፣ እሰየው፤ ብቻ ደህና አድርጎ ይልበስ።

ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። የቀራቸው ማሩ ነው፤ አንድ ለእናቱ። ማሩ ለሽንኩርትና ለሩዝ ማሳ ውሃ የሚስቡትን ሞተሮች ይጠግናል፤ እጁ ሁልጊዜ ግራሶ ነው፣ ጠባዩ ግን ንጹሕ። ሚስቱ ሰብለ ወንጌል አስተማሪ ናት። ዝምተኛ፣ ሰው አክባሪ፣ አማቷ ሲናገሩ ዓይኗን መሬት ላይ የምትተክል ሴት። ተጋብተው ስምንት ዓመት ሲሆናቸው ልጅ አልመጣም።

ስምንት ዓመት ለወረታ አፍ ብዙ ነው። በመጨረሻ የማሩ አጎት ይሄይስ፣ የሟቹ ባላቸው ወንድም፣ አንድ እሑድ ከርስተ ጉልቱ ተነስቶ ሽማግሌ ነኝ ብሎ መጣ። ከዘራውን አጋድሞ ተቀመጠና፣ "ጸሐይነሽ፣ ልጁን ሌላ ብናጋባውሳ? የወንድሜ ዘር ሊጠፋ ነው" አለ።

"ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማን ለካው?" አሉ እትዬ ጸሐይነሽ። "ማሩ ያንተው የወንድምህ ልጅ አይደል? ብርዱ ኸናንተ ወገን መጥቶ እንደሁስ?"

ይሄይስ ደግሞ ሊናገር አፉን ሲከፍት ሰፌዱ በራሱ ላይ አለፈ። ሰፌዱ ባዶ ነበር፤ ሩዝ ያለበት ሰፌድ እትዬ ጸሐይነሽ አይወረውሩም። ሰውየው ግን ከዚያ ወዲህ ስለ ዘር አላነሳም።

ሰብለ ወንጌል ይህን ሁሉ ከጓዳ ሆና ሰምታ ነበር። ማታ የአማቷን እግር ልታጥብ ውሃ ስታመጣ ከወትሮው ይልቅ ለረጅም ጊዜ አሸቻቸው፤ እትዬ ጸሐይነሽም ገባቸው።

ከዚያ ባልና ሚስቱ አዲስ አበባ ወርደው ሕክምና ጀመሩ። ነገሩን ለእናቱ ያስረዳው ማሩ ነው፤ ሞተር እንደሚያስረዳ ሰው አስረዳቸው። ከእሷ እንቁላል ይወሰዳል፣ ከእሱም ዘር ይወሰዳል፣ ውጭ በብልቃጥ ይገናኛሉ፣ ፅንስ ሲሆን ይመለስላታል። እትዬ ጸሐይነሽ አዳምጠው ሲጨርሱ፣ "መደብ ላይ ችግኝ አፍልቶ ወደ ማሳ እንደ ማዛወር ነዋ" አሉ። ሩዝ እንዲያ ሲተከል አይተዋል። ማሩ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘም።

አራት ፅንስ ተገኘ። ሁለቱን ወዲያው ትኩሳቸውን አስገቡላት፤ ሁለቱን አስቀመጡ። የገቡት ሁለቱም ያዙ፤ በአልትራሳውንድ ሲታዩ ሁለት ልብ ትር ትር ይል ነበር። በሦስተኛው ወር ሁለቱም ዝም አሉ።

ሰብለ ወንጌል ወረታ ተመልሳ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። እትዬ ጸሐይነሽ አጥሚት አፍልተው ገቡ። አጥሚት የምትጠጣው የወለደች ሴት ናት፤ ጎረቤታቸው ወለተ ሐና ይህን አይታ ደጁ ላይ ያዘቻቸው። ወለተ ሐና መፈልፈያው ግቢ አብራቸው የምትሠራ፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ያየችውን ሳትናገር የማታልፍ ሴት ናት።

"እትዬ፣ አጥሚት ለምንድን ነው? አልወለደች" አለቻቸው በሹክሹክታ።

"ማን አላት አልወለደችም? ሕመሙማ ደርሷታል፤ ያልደረሳት ልጁ ነው" አሉና ገቡ።

ለአሥራ አምስት ቀን እያፈሉ አጠጧት። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ሰብለ ወንጌል ተነስታ ፊቷን ታጠበችና ትምህርት ቤት ሄደች።

ይህ ከሆነ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው ማሩ መፈልፈያው ግቢ መጥቶ እናቱ አጠገብ ቁጢጥ ያለው።

"እማ፣ ሁለት ቀርተውናል እኮ።"

"ሁለት ምን?"

"ፅንስ። ያኔ አራት ነበሩ ብዬሽ አልነበር? ሁለቱ ተቀምጠዋል።"

"የት ነው የተቀመጡት?"

ማሩ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለእናቱ "ሆስፒታል" ቢላቸው ይበቃ ነበር። እሱ ግን ሐቀኛ ልጅ ነውና፣ "በረዶ ውስጥ" አለ።

ሰፌዱ ከእትዬ ጸሐይነሽ እጅ ወደቀ። በዚህ ጊዜ ሩዝ ነበረበት።

"ስንት ጊዜ ሆናቸው?"

"ዓመት ኸአራት ወር።"

"ክረምቱንም?"

"ክረምቱንም። ደግሞ ተራ በረዶ አይምሰልሽ እማ፤ ኸበረዶ የባሰ ቅዝቃዜ ነው፣ ናይትሮጂን የሚባል..."

"ዝም በል!" አሉ። "ወልደህ በበረዶ ውስጥ አስቀምጠህ ደግሞ ኸበረዶ የባሰ ነው ብለህ ትፎክራለህ?"

"አይበርዳቸውም እኮ፤ ምንም አያውቁም።"

"ያላወቀውን ሰው ብርድ አይመታም ያለህ ማነው?"

ያን ሳምንት እትዬ ጸሐይነሽ እህል አልረባቸውም። እነዚያ ሁለቱ ሁዳዴን በበረዶ ውስጥ ጾሙ፤ ፋሲካን በበረዶ ውስጥ ፈሰኩ፤ መስቀል መጥቶ ሄደ፤ ማንም ደርቦ ያለበሳቸው የለም። በገበያ ቀን ሩዝ ሲሸጡ ስፍሩን ሁለቴ ተሳሳቱ፤ ያውም ለገዢው አድልተው፤ ወለተ ሐና ታመሙ ብላ ደነገጠች። ከዚያ ሣጥናቸውን ከፍተው ለእርጅናዬ ብለው ያሸመኑትን፣ አንድ ቀን እንኳ ያልለበሱትን ጋቢ አወጡ። ባልና ሚስቱ ጥምቀት ዋል አደር ሲል ወደ አዲስ አበባ ሊሳፈሩ መናኸሪያ ቆመው ሳለ፣ ጋቢውን ለሰብለ ወንጌል ሰጧት።

"ሲያወጧቸው በዚህ ይጠቅልሏቸው" አሉ።

ማሩ ሳቁን ለመደበቅ የአውቶቡሱን ጎማ የሚያይ መሰለ። ሰብለ ወንጌል ግን አልሳቀችም። ጋቢውን በሁለት እጇ ተቀብላ ሳመችው።

አዲስ አበባ ሐኪሟ አንድ ምክር ነበራት። አንዱን ብቻ አሁን እናስገባ፣ ሌላው ይቆይ፤ መንታ እርግዝና ለእናትም ለልጆችም ይከብዳል፤ ቀድመው ይመጣሉ፣ አንሰው ይወለዳሉ፣ የእናትየውም የደም ግፊት ይነሳል። ሰብለ ወንጌል እስከ ነገ ልምከር ብላ ወጣችና ወረታ ደወለች። እትዬ ጸሐይነሽ ምክሩን ሰምተው፣ "አንዱን ብርድ ላይ ጥሎ መምጣትማ ነውር ነው፤ ወንድሙ ሲወጣ እያየ!" አሉ። በማግስቱ ሰብለ ወንጌል ለሐኪሟ፣ "ሁለቱንም" አለቻት። ሐኪሟ የሰብለን ዕድሜና ያለፈውን ሐዘን አይታ በብዙ ማስጠንቀቂያ እሺ አለች። ማጽናኛም ጨመረችላት፦ በረዶ ውስጥ ቆይተው የገቡ መንትዮች አንዳንዴ ወዲያው ከገቡት ይልቅ ክብደታቸው ሻል ይላል፤ ሰውነትሽም ያኔ ለእንቁላሉ ከተወጋሽው መርፌ አርፏል፤ ግፊትሽን ግን በዓይን ቁራኛ እንጠብቃለን። ሰብለ ወንጌል ጋቢውን እግሯ ላይ ጣል አድርጋ ተኛች፤ ሁለቱ ገቡ።

ሁለቱም ያዙ።

"ዘር እኮ ሳያርፍ አይዘራም፤ ያኔም ቸኩለው ነው" አሉ እትዬ ጸሐይነሽ ወሬው ሲደርሳቸው። ደስታቸው ግን ሙሉ አልነበረም። ያዙ ማለት ሞቁ ማለት አይደለም። ይህን ሁሉ ወር በበረዶ ውስጥ የከረመ ልጅ ብርዱን ይዞት ነው የገባው፤ ካልወጣለት ደግሞ በሦስተኛው ወር እንደ ታላላቆቹ ዝም ይላል። ብርድን ከአጥንት ውስጥ የሚያወጣ ነገር ደግሞ አንድ ብቻ ነው፦ የወንዛዬ ፍል ውሃ። ወገቡ የተቆረጠ፣ እጁ የተሳሰረ ሰው ሦስት ቀን ተዘፍዝፎ እየዘለለ ሲወጣ በዓይናቸው አይተዋል።

ሰብለ ወንጌል ወረታ ተመልሳ መጋቢት ሲገባ ሚኒባስ ተነገረ፤ ቆሎና በሶ ተቋጠረ። ወለተ ሐና ለጉልበቷ አብራ ተጫነች። ማሩ ጉማራ ወንዝ አካባቢ ሞተር ሊጠግን ሄዶ ነበር፤ ቢኖርም እናቱን የሚያስቆም ወንድ አልነበረም። ሰብለ ወንጌልም ተሳፈረች። ፒስታው እያንገጫገጫቸው፣ እሷ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ፣ መንገዱን ሙሉ ከንፈሯ አንዳች ነገር ሊናገር ይንቀሳቀስና ይተወዋል። እትዬ ጸሐይነሽ ዳዊት እየደገመች መሰላቸውና ደስ አላቸው።

ወንዛዬ ደረሱ። ውሃው ይጨሳል። ሴቶቹ በአንድ ወገን ገብተው እስከ አንገታቸው ተዘፍዝፈው ይጫወታሉ። ወለተ ሐና ቀሚሷን ሰብስባ ጉልበቷን ነከረችና "እሰይ!" አለች። እትዬ ጸሐይነሽ የምራታቸውን ነጠላ ሊቀበሉ እጃቸውን ዘረጉ።

"እማዬ፣ እኔ አልገባም" አለች ሰብለ ወንጌል።

በዚያ ቤት ምራት ሆና ከገባች ጀምሮ እምቢ ብላቸው አታውቅም። እትዬ ጸሐይነሽ ጆሯቸውን ተጠራጠሩ።

"ምን አልሽኝ?"

"አልገባም። ሐኪሟ ፍል ውሃ እንዳትገቢ ብላኛለች፤ የበዛ ሙቀት ለነሱ አደጋ ነው። መንገድ ላይ ልነግርዎ ፈልጌ አቃተኝ። ያን አጥሚት ያጠጡኝ እርስዎ ነዎት፤ ጋቢውንም ኸሣጥንዎ ያወጡልኝ እርስዎ ነዎት። በየት አፌ እምቢ ልበልዎ? ግን እማዬ፣ እነዚህ የመጨረሻዎቹ ናቸው።" ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አጥብቃ ያዘች። "አልገባም።"

ወለተ ሐና ጉልበቷን ከውሃው አወጣች።

"ብርዱስ?" አሉ እትዬ ጸሐይነሽ። ተቆጥተው ነበር፤ ከቁጣው ሥር ግን ፍርሃት ነው። "ያ ሁሉ ወር በበረዶ ውስጥ ከርመው? አጥንታቸው ውስጥ ገብቶስ እንደሁ?"

"ያኔ እኮ አጥንት አልነበራቸውም እማዬ። ኸሰናፍጭ ፍሬ ያነሱ ነበሩ።"

እትዬ ጸሐይነሽ ዳር ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ማሩ ሰምቶት የማያውቀውን፣ ወለተ ሐናም ያን ሁሉ ዓመት አብራቸው ሩዝ ስትለቅም ያልሰማችውን ነገር ተናገሩ።

"ኸማሩ በፊት ሴት ልጅ ነበረችኝ። ያኔ ሜዳው ላይ ነው የምንኖር። ነሐሴ ነው፤ ርብ ሞልቶ ቤታችን ገባ። ቆጥ ላይ ወጥተን ነው የወለድኳት። እንጨቱ ርሷል፣ እሳት የለም። የለበስኩት ርሷል። ሦስት ቀን አቀፍኳት። በሦስተኛው ቀን መጀመሪያ እጇ በረደኝ፤ ኸዚያ ሌላው ሁሉ። ክርስትና አልተነሳች፣ ስም አልወጣላት። እኔስ ኸምኔ አምጥቼ ላሙቃት? ኸሷ የባሰ በርዶኝ ነበር።"

ሰብለ ወንጌል አጠገባቸው ቁጭ አለች። የአማቷን እጅ ያዘችና በቀሚሷ ሥር አስገብታ ሆዷ ላይ አኖረችው።

"ይዳብሱት።"

እትዬ ጸሐይነሽ ዳበሱ። "ይሞቃል" አሉ፣ እንደ ተገረመ ሰው።

"ይሞቃል እንጂ።"

እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉና ብድግ አሉ። እትዬ ጸሐይነሽ ለማዘን እንጂ በሐዘን ላይ ለመቆየት ትዕግሥት የላቸውም። "በሉ እንግዲህ፣ ኸመጣን አይቀር እኔ ስለነሱ እገባለሁ። ጠበልስ ስለ ሰው ይጠመቁ የለ?" ብለው ነጠላቸውን ለምራታቸው ጣሉላትና በውስጥ ልብሳቸው ዘው አሉ። ውሃውን በቅል እየቀዱ ራሳቸው ላይ አፈሰሱ። "ይኼ ላንደኛው! ይኼ ለሁለተኛው!" ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። ሦስተኛ ጊዜም ቀድተው አፈሰሱ፤ ለማን እንደሆነ አልተናገሩም።

ከዚያ በኋላ እትዬ ጸሐይነሽ የምራታቸውን "እምቢ" ወደዱት። ጨው አበዛሽ፣ ውሃ አሳነስሽ እያሉ ሆን ብለው ይፈትኗት ጀመር፤ እሷም "ኧረ አይሆንም እማዬ" ስትላቸው ለወለተ ሐና፣ "አየሽልኝ? እናት እየሆነች ነው" ይላሉ። ሆዷ እንደ ጎታ ገፋ። በየሳምንቱ ባሕር ዳር እየሄደች ትታያለች፤ ሁለት ልብ ይሰማል። ሰኔ አለፈ፣ ሐምሌ አለፈ።

ነሐሴ ሲያልቅ ግፊቷ ወጣ። እግሯ አበጠ፣ ራሷን ፈለጣት፤ ባሕር ዳር የሚያዩዋት ሐኪሞች ከእንግዲህ ወረታ አትመለሺም ብለው አስተኟት። ዝናቡ ቀንና ሌሊት ይወርዳል፤ ሜዳው በሙሉ ውሃ ተኝቶበታል። ማሩና እናቱ ሊያዩዋት ሲነሱ እትዬ ጸሐይነሽ፣ "ሹራብህን ልበስ" አሉት። "ባሕር ዳር እኮ ሙቀት ነው እማ" አለና በሸሚዝ ወጣ።

ሰብለ ወንጌል አልጋ አጠገብ ተቀምጠው እትዬ ጸሐይነሽ ያን ሰሞን ሲያንገበግባቸው የቆየውን ተናገሩት። "ሁለቱንም አስገቢ ያሰኘሁሽ እኔ ነኝ። ሐኪሟ አንድ ብላሽ ነበር። አንድ ቢሆን ይኼ ባልመጣ። ምላሴን ብርድ ይምታውና።"

"የወሰንኩት እኔ ነኝ እማዬ" አለች ሰብለ ወንጌል። "ወንዛዬ እምቢ ያልኩ ሰው፣ ያኔም እምቢ ማለት አያቅተኝም ነበር። ሁለቱንም ፈልጌያቸው ነው።" እትዬ ጸሐይነሽ አላመኗትም፤ ግን እጇን ሳሙት።

ጳጉሜ አንድ ቀን ጠዋት ሐኪሞቹ ከዚህ በላይ መጠበቅ አይቻልም አሉና በኦፕራሲዮን አዋለዷት። አምስት ሳምንት ቀድመው ነው የመጡት። መጀመሪያ ወንዱ፤ ሁለት ኪሎ ከሦስት መቶ፤ ገና ከመውጣቱ ጮኸ። ቀጥሎ ሴቷ፤ ኪሎ ከስምንት መቶ፤ እሷ ጥቂት አሰበችበትና ነው የጮኸችው። እናትየው ተርፋለች፤ ግፊቷ እስኪወርድ ግን መድኃኒት ተደርጎላት በሰመመን ተኝታለች። እትዬ ጸሐይነሽ ኮሪደሩ ላይ እልልታቸውን ጀምረው ሳይጨርሱት፣ አዋላጇ ሲስተር ንጋት በሩን ከፍታ ወጣች። ወጣት ናት፣ ቅልጥፍ ያለች።

"ወንዱ ደህና ነው" አለች። "ሴቷ ግን በርዷታል።"

እትዬ ጸሐይነሽ ወደ በሩ ጠጋ አሉ። "ምን ሆነች?"

"በርዷታል እትዬ። ትንንሽ ሆነው የሚወለዱ ልጆች የራሳቸውን ሙቀት መያዝ ያቅታቸዋል። ሠላሳ አምስት ከአራት ነው ያለችው፤ ዝቅ እንዳትል ነው የምንፈራው። መድኃኒቱ የሰው ገላ ነው፤ ቆዳ ለቆዳ፣ ደረት ላይ ተለጥፋ መታቀፍ አለባት። እናቷ አሁን አትችልም። አባትየው የት አለ?"

ማሩ ፈንጠር ብሎ ቆሞ ነበር። ወደፊት አንድ እርምጃ ራመደና አስነጠሰው። ደገመው። ሲስተር ንጋት ወደ ኋላ አለች።

"ጉንፋን ይዞሃል?"

"ትንሽ ነው" አለ፣ በአፍንጫው።

"በዚህ በር እንዳትገባ።"

እናቱ ያዩት አተያይ ለመናገር ይከብዳል። የሹራቡን ነገር ግን አላነሱም፤ ጊዜው አልነበረም። ነጠላቸውን አውልቀው ለማሩ ወረወሩለትና፣ "እኔ አለሁ" አሉ።

"እርስዎ የሚያስል፣ የሚያስነጥስ ነገር የለብዎትም?"

"እኔ? ኸብርድ ጋር ዕድሜዬን ሙሉ ተጣልቼ ማን ይነካኛል?"

አስታጠቧቸው። ከሰብለ ወንጌል አልጋ ጎን ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። የቀሚሳቸውን አንገት ከፈቱ። ሲስተር ንጋት ልጅቱን ከዳይፐርና ከቆብ በቀር ምንም ሳታለብስ አምጥታ፣ በደረታቸው መካከል እንደ እንቁራሪት ዘርግታ ለጠፈቻት። ጋቢው ከሰብለ ወንጌል እግር ላይ ተነሳና ሁለቱንም ሸፈናቸው።

እግሮቿ ይቀዘቅዙ ነበር። ሁለት ትንንሽ ቀዝቃዛ እግሮች ሆዳቸውን ነኩት፤ እትዬ ጸሐይነሽም ያን ቅዝቃዜ አወቁት። አርባ ዓመት ሙሉ ሲያባርሩት የኖሩት እሱ ነው፤ ቆጥ ላይ ያገኛቸው እሱ ራሱ። ፈሩ። አሁን ግን ደረቅ ነበሩ፣ ሙቅ ነበሩ፣ ጋቢ ነበራቸው። ልጅቱን በሁለት መዳፋቸው ደግፈው ዝም አሉ። እትዬ ጸሐይነሽ አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም ሲሉ ያ የመጀመሪያው ነው፤ ማሩ በበሩ መስታወት እያየ እናቴን ምን ነካት ብሎ ተጨነቀ።

ሲስተር ንጋት መጥታ ቴርሞሜትሩን በብብቷ ሥር አደረገች። ሠላሳ ስድስት። ሄደች፣ ተመለሰች። እንደገና ለካች።

"ስንት ገባ?" አሉ እትዬ ጸሐይነሽ በሹክሹክታ።

"ሠላሳ ስድስት ከሰባት።"

"ስንት ነው መሆን ያለበት?"

"ይኸው ነው እትዬ። ሞቃለች።"

እትዬ ጸሐይነሽ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ በትንሿ ቆብ ላይ እንባቸው እንዳይወርድ ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረው፣ "ብርድ ነው፣ ብርድ ነው ስል ማን ሰማኝ?" አሉ።

"ልክ ነበሩ" አለች ሲስተር ንጋት እየሳቀች። "አሁን ይስጡኝና ትንሽ ይረፉ። ደክሞዎታል።"

"አልሰጥሽም።"

"እስከ መቼ ነው የሚይዟት?"

"ሦስት ቀን እስኪያልፍ።"

ሲስተር ንጋት ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባትም፤ ግን መደገፊያ ያለው ወንበር ፈልጋ አመጣችላቸው። እትዬ ጸሐይነሽም እህል ሲቀምሱና ደጅ ሲወጡ ብቻ ለነርሶቹ እያበደሩ፣ ልጅቱ ለጡት ስትፈለግ ከእናቷ ጎን እያጋደሙ፣ ወዲያው እየነጠቁ፣ ሦስት ቀን ይዘዋት ቆዩ። ወንዱ በእናቱ በኩል ሆኖ እየጠባ እየተኛ ነበር፤ ስለ እሱ የሚያስጨንቅ ወሬ የለም። ውጭ የጳጉሜ ዝናብ ይወርዳል፤ ማሩ ሹራቡን ከወረታ አስልኮ ለብሷል።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ልጅቱ ተለካች። ሞቃ ነበር። እትዬ ጸሐይነሽ ቀሚሳቸውን ቆለፉ፣ ልጅቱን በጋቢው ደህና አድርገው ጠቀለሉና ወደ ሰብለ ወንጌል አልጋ ጎንበስ አሉ።

"እንኪ ልጅሽን" አሉ። "አልፏል።"

ሰብለ ወንጌል ምን እንዳለፈ ታውቃለች። ልጇን ተቀብላ ደረቷ ላይ አደረገችና ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። እትዬ ጸሐይነሽ የጋቢውን ጫፍ ሳብ አድርገው ጉንጯን ጠረጉላት።

"ተይ፣ አታልቅሺባት" አሉ። "እንባሽ ያበርዳታል።"